አርባ አንድ ቀን የዞረ ሞተር

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ተናወጠ። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የሥራ ቤቱ ቆርቆሮ ግማሹ ጎረቤት ግቢ አርፏል፤ ግማሹ በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንቋቋል። ባለቤቱ በጀርባው ወድቋል፤ የሞተሩን ማስነሻ እንደጨበጠ ነው። ከቅንድቡ በቀር ፊቱ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ቅንድብ የሌለው ሰው ደግሞ የተደነቀ ይመስላል።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየችው። ምንም አልተሰማትም። አባቷን ከቀበረች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ተሰምቷት አያውቅም። ጨክና አይደለም፤ እንባው እምቢ ብሏት ነው። አይዞሽ ለሚላት ሁሉ እሺ ትላለች፤ ብዪ ሲሏት ትበላለች፤ ሥራ በሰዓቱ ትገባለች። የሚያያት ሁሉ ጠንካራ ናት ይላል። እሷ ግን እግሩ እንደደነዘዘበት ሰው ነበረች፤ እግሩ አለ፣ ይራመድበታል፣ መሬቱ ግን አይሰማውም።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው ውሃ አንዳጁ በሚል ስም ነው። መጀመሪያ የወጣለት ለሽሙጥ ነበር፤ በኋላ ግን ሰው በክብር ይጠራው ጀመር። አብሯት የመጣው ሳጅን አፉ የማያርፍ ሰው ስለሆነ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ታሪኩን ጨርሶላት ነበር። አሁን ደግሞ ከተረፈው ብረት መሀል ቆሞ በጣቱ እያመለከተ አስረዳት።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነበር። በአንድ በኩል ውሃ የሞላ ሳጥን አለ፤ ውስጡ የብረት ሳህኖች ተደርድረውበታል። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ውሃው ይከፈልና ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በቱቦ ወደ ሲሊንደር፣ ከሲሊንደሩ ወደ ሞተር ይሄድና ይነዳል። ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ወደ ሳጥኑ ይገባል። ሰውዬው እንደሚለው ከሆነ ማሽኑ ውሃ ከመጨመር በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። ራሱን ይመግባል፤ በትርፉ ስምንት አምፖል ያበራል። አስራ አንድ ዓመት አልዞር ብሎት ኖሮ፣ ከዛሬ አርባ አንድ ቀን በፊት ተነሣና ሌት ተቀን ዞረ። ጋዜጠኛ መጣ፤ ሰው ከየአቅጣጫው እየጎረፈ አየው። የፊታችን ሐሙስ ደግሞ ኮሚቴ መጥቶ ሊፈትነው ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ደብተር ተገኘ። ጠርዙ ተለብልቧል እንጂ ጽሑፉ ደህና ነው። ውሃ አንዳጁ የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍ ሰው ኖሯል። ኢንስፔክተሯ የዕለቱን ገጽ ቆማ አነበበችው።

«3፡05 ሞተሩ ቆመ። 3፡10 ውሃው ልክ ነው። 3፡18 ሳህኖቹን አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው። 3፡25 ፊውዙ ደህና ነው። 3፡33 የሲሊንደሩን ጋዝ ለቀቅሁ፤ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። 3፡38 በባትሪ አስነሣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው።

ሳጅኑ ቀና ብሎ ከግድግዳው አናት ላይ የተገጠመውን ማራገቢያ አሳያት። የዚያ ቤት መተንፈሻ እሱ ነበር፤ ጋዝ ሲለቀቅ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ገመዱ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተነቅሎ ወደ ማሽኑ ሄዷል። ደብተሩን ወደ ኋላ ስትገልጥ ምክንያቱን አገኘችው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ እንዲህ ተጽፏል፦ «ማራገቢያውንም ከማሽኑ ጋር አገናኘሁት። ሐሙስ በክፍሉ ውስጥ ከከተማው መብራት የሚጠጣ አንድም ነገር አይኖርም።»

አስራ አንድ ዓመት ያለማቋረጥ የዞረን ማራገቢያ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሞተሩ ሲቆም ማራገቢያውም ቆሟል፤ ሰውዬው ግን ሳህን ሲቆጥርና ፊውዝ ሲፈትሽ ልብ አላለውም። ጋዙን ለቀቀ፤ ማስነሻውን ጫነ። እንዴት እንደሞተ በዚህ ታወቀ። ሞተሩ ለምን እንደቆመ ግን ገና አልታወቀም።

*

ሚስቱ ፊት ለፊት ባለው ቤት ውስጥ፣ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኟት። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ጣቶቿ በቫርኒሽ ቢጫ ሆነዋል። ሥራዋ የተቃጠለ ሞተር ፈትታ በአዲስ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ነው፤ ሙያውን ከአባቷ ነው የተማረችው። ሱቋ ከባሏ የሥራ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ባሏ ውሃ ሲያነድ ቤቱን ያቆመችው እሷ መሆኗን የማያውቅ የለም።

ኢንስፔክተሯ ጠዋት የት እንደነበረች ጠየቀቻት። ልክ በሦስት ሰዓት ሱቋን ቆልፋ፣ የተጠገነ ሞተር በጋሪ አስጭና ወፍጮ ቤት ሄደች። ፍንዳታውን የሰማችው እዚያ ሆና ነው። ሱቁን ሌላ የሚከፍተው ሰው አለ ወይ ስትባል፣ በአንገቷ ያለውን ክር ስባ አንዲት ቁልፍ አሳየች። ከዚህች በቀር የለም አለች፤ መልሳም ከደረቷ ከተተቻት።

ከዚያ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«የሞተውስ ሞቷል፤ ሰው ይሞታል። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ እህቴ። አታላይ ነበር እንዳይባል። አስራ አንድ ዓመት ሲስቁበት ቻልኩት። ይሄንን ግን አልችለውም።»

«ማን አታላይ አለው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እስካሁን ማንም አላለም። ይላሉ።»

ወፍጮ ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ወፍጮ ፈጪው የሴትዮዋን ቃል አጸና፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ደርሳለች፤ ፍንዳታው እስኪሰማም አልተነሣችም። ሌላ ጊዜ ሞተሩን ገጥማ እሳት ልትጭር የመጣች ይመስል ትሮጥ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ሥራዋን ጨርሳ ከጆንያ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ሥራ አልፈታሽም ወይ ብላት ዝም አለችኝ አለ። ኢንስፔክተሯ ይህንንም ጻፈችው።

*

ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ የጠቆመው ጀነሬተር ነጋዴውን ነበር። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ባለፈው ሳምንት እሁድ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ይሄ ነገርህ እዚህ ሰፈር አይዘልቅም፣ እኔ ራሴ አቆመዋለሁ ሲል ሰባት ሰው ሰምቶታል። ሳጅኑ ገና ሳያየው እጁን በካቴና አስሮ ጨርሶ ነበር፤ በሐሳቡ ማለት ነው።

ነጋዴው ሆዱ ከራሱ ቀድሞ ከበር የሚገባ፣ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያማርር ሰው ነው። ማለቱን አልካደም። ውሃ ጠጥቶ የሚሠራ ጀነሬተር ጎረቤቴ ተተክሎ እኔ ምን ልሸጥ፣ ተናድጄ ነው አለ። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት የት ነበርክ ሲባል ግን ሳቅ ቀደመው።

«እዚሁ ጣቢያችሁ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት። የሱቄን ታፔላ ሰርቀውብኝ ላመለክት መጥቼ፣ ቁጭ በል ብላችሁኝ ቁጭ ብዬ ነበር።»

መዝገቡ ሲታይ እውነት ነው። ቃሉን የተቀበለው ራሱ ሳጅኑ ነበር፤ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ፊቱን ስላላየው ግን ረስቶታል። ሳጅኑ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቀረ፤ በጣቢያው ታሪክ ረጅሙ ዝምታ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። በዚያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከውሃ አንዳጁ ግቢ እየጮኸ ሲወጣ ታይቷል። ሐሙስ ሊመጣ ከነበረው ኮሚቴም አንዱ እሱ ነው። ቤቱ ሲሄዱ የተቀበላቸው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሽበት እንዳለ ነው። ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ ፈነዳ፤ ፀጉር ቆራጩ መቀሱን ጥሎ ሮጠ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ወረፋ የጠበቁ አራት ሰዎች ምስክር ናቸው።

«ለምንድን ነው የጮኹበት ጋሼ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ሐሙስ በሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው አለ። መምህሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና፣ እዚያ ጮኾ ያልጨረሰውን ሁሉ ለእሷ በቀስታ አወጣው።

«ልጄ፣ ውሃ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አመድ ነው። ሃይድሮጅን ነድዶ ሲያልቅ የሚቀረው አመዱ ውሃ ነው። አመዱን መልሰሽ እንጨት ላድርግህ ካልሽው፣ ሲነድ የሰጠሽን ሙቀት ሁሉ መልሰሽ ልትሰጪው ነው። ከዚያ ባነሰ አይሆንም።»

«ከዚያ በኋላ ሲነድስ?»

«ያንኑ ይሰጥሻል። ያንኑም አይሰጥሽም። ድንጋይ ዳገት አውጥተሽ ብትለቂው ይንከባለላል፤ ተንከባልሎ ግን በማዶ ከተለቀቀበት በላይ አይወጣም። ሞተሩ ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ያ ሁሉ በመንገድ የሚባክን ነው። ስምንት አምፖል ቀርቶ አንዲት የእጅ ባትሪ አይተርፈውም።»

«ታዲያ አርባ አንድ ቀን እንዴት ዞረ?»

«ከሌላ ቦታ ይበላ ነበራ። ሽቦውን ፈልጊ። የሆነ ቦታ ሽቦ አለ።»

ማራገቢያው ቢዞር ኖሮ ይፈነዳ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። አይፈነዳም አለ። ይህ ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ከአየር የቀለለ ስለሆነ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል፤ መውጫ ካገኘ ግን ሽው ብሎ ይሄዳል። ማሽኑን ያቆመው ሰው ማራገቢያውን አቁሟል፤ ማራገቢያውን ያቆመ ሰውዬውን ገድሏል። ይህን ሲናገር ድምፁ የክፍል ድምፅ ሆነ፤ እንደጨረሰ ግን ተከዘ።

«አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አርባ ዓመት ፈትኛለሁ፤ የሚኮርጅ ተማሪ ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ። ያ ሰው ሐሙስ ይምጡ፣ ራስዎ ያያሉ ብሎ ትከሻዬን ሲመታኝ ዓይኑን አየሁት። እየኮረጀ አልነበረም።»

*

ሽቦው ተገኘ። ከማሽኑ ሥር ወደ መሬት የሚገባ ወፍራም ገመድ ነበር፤ የመብረቅና የአደጋ መከላከያ ይመስላል፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረውም። ሳጅኑ ሲሚንቶውን ሲሰብር ገመዱ ወደ ታች አልወረደም፤ ዞሮ ግድግዳውን በስቶ ወደ ሚስቱ ሱቅ ገባ። ከመዳብ ጥቅሎቹ መደርደሪያ ጀርባ አንዲት የመብራት ማቋረጫ ብሬከር ላይ ያልቃል። ሴትዮዋ በሩን ራሷ ከፍታላቸው ውጭ ቆማ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ብሬከሯን በደንብ አየቻት። መብራት በዝቶባት በራሷ የዘለለች ብሬከር መሀል ላይ ትቆማለች፤ ይህች ግን እስከ ታች ወርዳለች። የሰው እጅ ነው ያወረዳት።

ከዚያ የገመዱን መጋጠሚያ አየች። በማሽኑ ላይ ያሉት የውሃ አንዳጁ መጋጠሚያዎች ሁሉ ጉብጉብ ያሉ፣ በጥቁር ቴፕ የተድበሰበሱ ናቸው። ይህኛው ግን ሽቦው ከሽቦው ጎን ዙር በዙር ተደርድሮ፣ በጥጥ ክር ታስሮ፣ በላዩ ቫርኒሽ ተቀብቶ ደርቋል። ሰውዬው ሲፈልግ እንዲህም ያምርለት ኖሯል አለ ሳጅኑ። ኢንስፔክተሯ መጋጠሚያውን አስቆርጣ በፕላስቲክ ከረጢት አስገባችው።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ከግቢው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ። ትናንት ልጁን ይዞ መጥቶ ማሽኑን ያየ ሁሉ፣ እኔ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር ይላል። ለቅሶ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ጉዳይ እያነሣ ወጣ።

ሴት ልጃቸው ከምትሠራበት ክሊኒክ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች መጣች፤ ግቢው በር ላይ ቆማ ግን አልገባ አለች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ሄዳ ቆመች። ልጅቷ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ግቢና አልቅሺ ይሉኛል» አለች። «ለየትኛው ሰው ላልቅስ? እኔ የማውቀው አባቴ ሌላ ነው። ይሄኛው የመሥሪያ ቤት ሰዎቼን ሁሉ ሰብስቤ አምጥቼለት ሲያሳያቸው፣ ሽቦው ከእግሬ ሥር ነበር። እየሳቀብኝ ነበር ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ያንን ደረቅ ዓይን ታውቀዋለች፤ ጠዋት ጠዋት በመስታወት ታየዋለች። ቀና ስትል እናትየውን በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ቆማ አየቻት። ሁሉንም ሰምታለች። ትንሽ ቆየችና መስኮቱን ዘጋችው።

*

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አስራ አራት ያላለቀ መዝገብ አለ፤ አስራ አራተኛው ይህ ነው። ሪፖርቱን አዳምጦ በሁለት ደቂቃ ቋጨው። ሰውዬው ሽቦውን ራሱ ዘረጋ፤ ኮሚቴው ሲቀርብ ደነገጠ፤ ተበላሸ ለማለት ራሱ አጠፋው፤ ማራገቢያውን ረሳ፤ ሞተ። ገዳይ የለም።

ኢንስፔክተሯ ሱቁ ተቆልፎ እንደነበር ነገረችው። ባልና ሚስት ቁልፍ አይደባበቁም አለ። ደብተሩን አነሣች፤ ሽቦውን የሚያውቅ ሰው ሞተሩ ሲቆምበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ብሬከሯ ነው፤ ይህ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ሳህን ሲመረምር ነበር። ለታይታ የጻፈው ነው አለ አለቃው። መጋጠሚያውን አሳየችው። ቆንጆ ነው አለና መለሰላት።

«ቤተሰብ ይፈርምበትና ዝጊው። አንቺም እረፊ። ዓይንሽ ጥሩ አይደለም።»

ወረቀቱን ወሰደች። ያን ጊዜ እውነቱን አውቃው ነበር። ከጠረጴዛዋ ተቀምጣም ነገሩን ከሌላ በኩል አየችው። ሴትዮዋ ዝም ብላ ከፈረመች ነገ ሱቋን ትከፍታለች፤ የሚጠይቃትም የለም። የሚጎድፈው የሟቹ ስም ብቻ ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት ሱቋ ውስጥ አገኘቻት። ሴትዮዋ የፈታችው ሞተር ፊቷ አለ፤ እጇ ግን ሥራ አልያዘም። ኢንስፔክተሯ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የሚፈረምበት ወረቀት እንዳለ ነገረቻት። ከመፈረምዎ በፊት ይስሙት አለችና አነበበችላት።

«ሟቹ ማሽኑ በራሱ እንደማይሠራ እያወቀ፣ ሕዝብን ለማታለል በማሰብ፣ ከባለቤቱ ሱቅ በድብቅ ሽቦ በመዘርጋት...»

«እያወቀ» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ።»

«አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አስቀመጠች። «ማን ያውቅ ነበር?»

ሴትዮዋ ቢጫ ጣቶቿን አየቻቸው። ከመንገዱ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ መኪና ቆሞ ሄደ። ኢንስፔክተሯ ብዕሯን እንኳ አላነሣችም።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የዘረጋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሱ ምንም አያውቅም።»

ከዚያ ቀስ ብላ ዘረዘረችው፤ ስለ ሌላ ሰው ቤት የምትናገር ይመስል ነበር። ባሏ ማሽኑ ከመዞሩ በፊት በነበሩት ወራት መናገር አቁሞ ነበር። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ይውላል፤ የሰጡትን አይበላም፤ ሲመሽ ዓይኑን ሳይከድን ይነጋል። ሳንባውን ታሞ አራት ቀን ሐኪም ቤት ሲተኛ፣ እሷ ግድግዳውን በስታ ሽቦውን አስገባች። አንድ ቀን ይዙርለት፣ እህል ይቅመስ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ወጥቶ መጣ፤ አስነሣው፤ ዞረ። ሕፃን ልጅ ሆኖ አለቀሰ። በዚያ ሌሊት ተኛ።

«ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ጎረቤት መጣ። በሳምንቱ ጋዜጠኛው መጣ። አርባ አንድ ቀን እንቅልፍ ተኝቷል እህቴ። ከጎኔ ሲያንኮራፋ እየሰማሁ ነገ፣ ነገ እላለሁ።»

ኮሚቴው ሲቀጠር መውጫ አጣች። በሰው ፊት ገመዱን መዝዘው ከሚያዋርዱት፣ ቤቱ ሆኖ ተበላሸብኝ ብሎ ቢያዝን ይሻላል አለች። ማክሰኞ ሱቁን ከመቆለፏ በፊት ብሬከሯን አወረደች፤ ሞተሩ የሲሊንደሩ ግፊት እስኪወርድ አምስት ደቂቃ ያህል ዞሮ ቆመ።

«ወፍጮ ቤት ለምን ቆዩ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሲቆምበት ፊቱን ላለማየት።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። ስትጽፍ ብዕሯ ቆመ፤ ያስቆማት አባቷ ይሁን ይህ የማታውቀው ሰው መለየት አልቻለችም። አመማት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ ያመማት ያ ነው።

«አሁን ንጹሕ ሆነ» አለች ሴትዮዋ፤ ትከሻዋ ወረድ አለ። «እኔን ያሻቸውን ያድርጉኝ። ጋዙ እንደሆነ የራሱ ነገር ነው። ማራገቢያው በከተማው መብራት ነው የሚሠራው፤ እኔ ያጠፋሁት ሞተሩን ብቻ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ለራሷ ስትለው የከረመችው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ኢንስፔክተሯ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ለዚያች ሰዓት። ግን ይህንን ነገ ከማታውቀው ሰው አፍ፣ ጭር ባለ ቢሮ ውስጥ ልትሰማው ነው።

«ማራገቢያውን ወደ ማሽኑ አዙሮት ነበር» አለቻት። «ባለፈው ሳምንት ሰኞ። ለኮሚቴው ብሎ። ሞተሩ ሲቆም አብሮ ቆሟል።»

ሴትዮዋ ከመደርደሪያው ላይ የመዳብ ጥቅል አንሥታ፣ ዞር ዞር አድርጋ አይታ፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አልነገረኝም» አለች። ቆይታ ቆይታ ደግሞ፣ «እኔም አልነገርኩትም።»

ኢንስፔክተሯ ቃሏን በሁለት ገጽ ጽፋ ጨረሰች። ሴትዮዋ ከመፈረሟ በፊት ልጄ ትስማው አለች። ልጅቷ ከግቢው በር ላይ ተጠራች፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ጠበቀች። ከየቱ ልጀምር በሚል ኢንስፔክተሯ ወደ እናትየው አየች።

«ከእሱ ጀምሪ» አለች እናት።

ኢንስፔክተሯ አነበበች። «ሟቹ በግድግዳው ውስጥ ስላለፈው ሽቦ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ማሽኑ በራሱ እንደሚሠራ አምኖ ሞተ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ገብታ ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ፊቷን ከሽርጡ ውስጥ ቀብራ፣ አባዬ፣ አባዬ እያለች ለአባቷ አለቀሰች። እናትየው የልጇን ራስ ዳበሰች። የሽርጡን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ የያዘችው ልጅ ወደ ሁለተኛው ገጽ ቀና ብላ አላየችም። ኢንስፔክተሯም አልገለጠችውም።

ልጅቷ እስክትረጋጋ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ እናትየው እጇን ከልጇ ራስ ላይ አነሣች።

«አሁን ቀጥዪ» አለች።